የጀግናው ጭምብልና የልጁ ዕድሜ
(በሬዲዮ የተነገረ)



የዛሬው ንግግሬ ስለ ጨዋታ ነው። ይሁን እንጂ «ጨዋታ ከሆነማ ቀላል ነገር ነው» ብላችሁ ጆሯችሁን እንዳትነፍጉኝ አደራ እላለሁ። ልጅ ከመምህሩ ብቻ ሳይሆን ከጨዋታውም እንደሚማር ልጅ ያሳደገ ሁሉ ያውቀዋል። እኛ በልጅነታችን ገበጣ ስንጫወት መቁጠርን፣ ድብብቆሽ ስንጫወት መታገሥን፣ የገና ጨዋታ ስንጫወት ደግሞ መሸነፍን ተምረናል። የዛሬዎቹ ልጆች ግን ብዙውን ጊዜ የሚጫወቱት ከቴሌቪዥን መስኮት ፊት ተቀምጠው፣ ጆይስቲክ በእጃቸው ጨብጠው ነው። በዚያም መስኮት ከሚያዩዋቸው አንዱ ልዕለ ጀግና የሚባለው፣ ይኸውም ከሰው በላይ ኃይል የተሰጠው ባለጭምብል ነው። እንግዲህ ይህን የመሰለው የቪዲዮ ጨዋታ ለልጆችና ለቤተ ሰብ ይስማማልን? የዛሬው ጥያቄያችን ይህ ነው።

ጥያቄውን እንዳነሣ ያስገደደኝ በራሴ ቤት የደረሰ ነገር ነው። በዋሽንግተን የምትኖር እኅቴ ለዕረፍት ወደ አገሯ ስትመጣ ፕሌይስቴሽን የሚባለውን የመጫወቻ መሣሪያ ከአንድ ጨዋታ ጋር ለልጆቼ አመጣችላቸው። ጨዋታው በ2018 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣው «ስፓይደርማን» ነው። በሽፋኑ ላይ ቀይና ሰማያዊ ልብስ የለበሰው ጀግና ተሥሏል። ያው ሥዕል በትንሹ ልጄ የትምህርት ቤት ቦርሳ ላይ አለ፤ በብርድ ልብሱም ላይ አለ። ስለዚህ «የልጅ ነገር ነው» ብዬ ሳልመረምር ፈቀድሁ። ሴቷ ልጄ 13 ዓመቷ፣ ወንዱ ደግሞ 8 ዓመቱ ነው። የምትጫወተው እርሷ ስትሆን እርሱ ከጎኗ ተቀምጦ ያያል። ከሥራ ደክሞኝ ስገባ ሁለቱ ሳይጣሉና ሳይረብሹ ተቀምጠው ሳገኛቸው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ይለኝ ነበር።

ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ አንድ ሌሊት ትንሹ ልጄ ከእንቅልፉ ተነሥቶ ወደ መኝታችን መጣ። ዓይኑ ዕንባ አቅርሯል። «አባዬ፤ እርሱ ሰውን ሁሉ የሚያድን ከሆነ የገዛ አክስቱን ለምን ሳያድናት ቀረ?» ሲል ጠየቀኝ። ስለ ማን እንደሚናገር እንኳ አላወቅሁም። ጨዋታውን አንድ ቀን አብሬ ተቀምጬ ስላላየሁት የምመልስለት ቃል አጣሁ። ያን ሌሊት ያፈርሁት በጨዋታው ሳይሆን በራሴ ነው። ከዚያ በኋላ ነገሩን ለመመርመር ተነሣሁ፤ ዛሬም የማካፍላችሁ ከዚሁ ምርመራ ያገኘሁትን ነው።

ለመሆኑ እነዚህ ባለጭምብሎች ከየት መጡ? ከዚህ በኋላ የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ላስታውቅ። ሱፐርማን በአሜሪካ አገር በሚታተም የሥዕል መጽሔት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1938 ነው። ባትማን በ1939 ተከተለ። ስፓይደርማን ግን የመጣው በ1962 ሲሆን ፈጣሪዎቹ ደራሲው ስታን ሊና ሠዓሊው ስቲቭ ዲትኮ ናቸው። የእርሱ ታሪክ ልዩ የሚሆነው ገና ተማሪ የሆነ፣ አባትና እናቱን ያጣ፣ በአጎቱና በአክስቱ እጅ ያደገ ልጅ በመሆኑ ነው። ሊያስቆመው ይችል የነበረውን አንድ ሌባ «አያገባኝም» ብሎ አሳለፈው፤ ያው ሌባ በኋላ አጎቱን ገደለበት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኃይል ጌጥ ሳይሆን አደራ መሆኑ ገባው። የታሪኩ ሥር ይህ ነው፤ ክፉ ሥር ነው ለማለትም አይቻልም።

ሆኖም ወላጆች በነዚህ ጀግኖች ምክንያት መጨነቃቸው የትናንት ነገር አይደለም። በ1954 ፍሬድሪክ ዌርታም የተባሉ የአእምሮ ሐኪም ሱፐርማንንና ባትማንን ጨምሮ የሥዕል መጽሔቶች ልጆችን ወደ ወንጀል ይመራሉ ሲሉ መጽሐፍ ጻፉ። የአሜሪካም የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ጉዳዩን በጉባኤ መረመረ፤ አሳታሚዎቹም በዚያው ዓመት ራሳቸውን የሚቆጣጠሩበት ደንብ አወጡ። ነገር ግን ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ ካሮል ቲሊ የተባሉ ተመራማሪ የሐኪሙን የግል መዛግብት መርምረው፣ ከልጆቹ የተሰበሰበው ቃል በብዙ ቦታ ተለዋውጦና ተቆራርጦ በመጽሐፉ እንደ ገባ በ2012 አስታወቁ። ከዚህ የምንማረው በችኮላ የሚደረግ ውግዘት እንደ ችኩል ፈቃድ ሁሉ ስሕተት መሆኑን ነው። እኔ ሳላይ ፈቀድሁ፤ ሌላው ሳያይ ይከለክላል። ሁለታችንም አላየንም።

በቪዲዮ ጨዋታም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። በ1993 መጨረሻ ሴናተር ጆሴፍ ሊበርማንና ሴናተር ኸርበርት ኮል «ሞርታል ኮምባት» የተባለውንና ሌሎችንም ጨካኝ ጨዋታዎች በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት አስቀርበው ወቀሱ። ሻጮቹም መንግሥት ሳያስገድዳቸው በሚቀጥለው ዓመት፣ ማለት በ1994፣ ጨዋታ በዕድሜ የሚመድብ ቦርድ አቋቋሙ። ኢ.ኤስ.አር.ቢ. የሚባለው ይህ ቦርድ ነው። አውሮፓውያንም በ2003 ፔጊ የተባለውን የራሳቸውን አመዳደብ ጀመሩ። የካሊፎርኒያ መንግሥት ጨካኝ ጨዋታዎች ከ18 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሸጡ ሕግ አውጥቶ ነበር፤ ነገር ግን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2011 በ7 ድምፅ ለ2 ሕጉን ሻረው። እንግዲህ ጨዋታዎቹ በብዛት በሚሠሩባት አገር እንኳ የመጨረሻው ፍርድ የተተወው ለወላጅ ነው።

የአሜሪካው ምልክት ፊደል ነው፤ ኢ የሚለው ፊደል ለሁሉ ይሆናል ማለት ሲሆን፣ ከፊደሉ ጋር 10 ቁጥር ከተጨመረ ለ10 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው። ቲ የሚለው ከ13 ዓመት፣ ኤም የሚለው ከ17 ዓመት ጀምሮ ነው። የአውሮፓው ደግሞ በቁጥር 3፣ 7፣ 12፣ 16ና 18 እየተባለ ይጻፋል። ምልክቱ በሽፋኑ ግርጌ ይገኛል። እኔ ግን ሥዕሉን አይቼ ግርጌውን ሳላነብ ቀረሁ። በኋላ ስመለከት ስፓይደርማን በአሜሪካኖቹ ለ13 ዓመት፣ በአውሮፓውያኑ ግን ለ16 ዓመት ተመድቧል። ያው አንድ ጨዋታ ነው፤ ነገር ግን ሁለት ብልህ ሸንጎዎች ሦስት ዓመት ያህል ተለያይተውበታል። ስለዚህ ምልክቱ መነበብ ያለበት ቢሆንም፣ ልጁን የማያውቅ ዳኛ የሰጠው ፍርድ መሆኑን መርሳት አይገባም።

ከሁሉ በላይ የሚያታልለው ጭምብሉ ነው። ባትማንን ብንወስድ በ2008 የወጣው «ሌጎ ባትማን» ለ10 ዓመት ልጆች የተፈቀደ፣ በቀልድ የተሞላ ጨዋታ ነው። በ2015 የወጣው «አርካም ናይት» ግን ያንኑ ባትማን ይዞ የኤም ምልክት የተደረገበት፣ ለ17 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ብቻ የታሰበ ጨለማ ታሪክ ነው። ጀግናው አንድ፣ ካባው አንድ፣ ስሙም አንድ ነው፤ ጨዋታው ግን የተለያየ ነው። ሰውን በልብሱ መመዘን እንደማይገባ ሁሉ ጨዋታንም በጀግናው ስም መመዘን አይገባም። «ጠርጥር፤ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር» ያሉት አባቶቻችን ይህን የመሰለውን ሲያስቡ ነው።

እንግዲህ ወላጅ በምን ይመዝን? ለእኔ አራት ጥያቄዎች በቂ ሆነው ታይተውኛል።

አንደኛው፤ የተመታው ሰው እንዴት ይወድቃል? የሚለው ነው። በ2013 በወጣው «ሌጎ ማርቬል ሱፐር ሂሮስ» ውስጥ የተመታው ሁሉ እንደ ልጅ መጫወቻ ጡብ ፍርክስክስ ይላል። የልጁ ጀግና ቢሸነፍም የለቀማትን ገንዘብ ጥቂት ጥሎ ወዲያው ይነሣል። ደም የለም፤ ሥቃይም የለም። በስፓይደርማን ጨዋታ ግን የሚመቱት ሰው የሚመስሉ ሰዎች ናቸው፤ ድብደባውም ከባድ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ያስደነቀኝን ነገር ልናገር፤ ጀግናው አይገድልም። ከሰገነት የተወረወረ ወንበዴ እንኳ መሬት ሳይደርስ በሸረሪት ድር ተይዞ ከግድግዳው ጋር ይጣበቃል። ሠሪዎቹ ይህን ያህል ተጨንቀዋል። በ2020 የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር በጉዳዩ ላይ ባወጣው ውሳኔ፣ ጨካኝ ጨዋታ እንደ መጮኽና እንደ መገፋፋት ካለው ቁጣ ጋር መጠነኛ ግንኙነት እንዳለው፣ ነገር ግን ነፍስ ለሚያጠፋ ግፍ መነሻው ይህ ነው ለማለት በቂ ማስረጃ እንደሌለ ገልጿል። ስለዚህ «ልጄ ወንበዴ ይሆናል» ብሎ መሸበር አያስፈልግም፤ ከጨዋታው በኋላ በእኅቱ ላይ መጮኽ መጀመሩን ግን ማስተዋል ያስፈልጋል።

ሁለተኛው፤ ታሪኩን የልጁ ልብ ይሸከመዋልን? የሚለው ነው። ብዙዎቻችን የምንፈራው ጡጫውን ነው። የኔን ልጅ ከእንቅልፉ የቀሰቀሰው ግን ጡጫ አይደለም። በስፓይደርማን ጨዋታ ውስጥ በከተማው ማዘጋጃ ቤት ፊት ሕዝብ በተሰበሰበበት ቦንብ ይፈነዳል፤ አንድ የፖሊስ መኰንንም ልጁ እዚያው እያለ ይሞታል። በኋላም ከተማውን ወረርሽኝ ይመታዋል። የጀግናው አክስት ወይዘሮ ሜይ ቤት ለሌላቸው ሰዎች በሚያገለግሉበት መጠለያ ሳሉ በበሽታው ይያዛሉ። ይህን የመሰለው ኀዘን በሽፋኑ ሥዕል ላይ አይታይም።

ሦስተኛው፤ በሩ ለማን ክፍት ነው? የሚለው ነው። አንዳንዱ ጨዋታ በቤት ውስጥ ተጀምሮ በቤት ውስጥ ያልቃል። አንዳንዱ ግን በኢንተርኔት ከውጭ ሰው ጋር ያገናኛል። ለምሳሌ በ2024 መጨረሻ የወጣውን «ማርቬል ራይቫልስ» የተባለውን ብንመለከት፣ ለመጀመር ገንዘብ አይጠይቅም። ስድስት ሰዎች ከሌሎች ስድስት ጋር በቡድን ይገጥማሉ፤ ተጫዋቾቹም በጽሑፍና በድምፅ መነጋገር ይችላሉ። ልጁ በማያውቀው አገር ካለ፣ በማያውቀው ዕድሜ ከሚገኝ ሰው ጋር ይነጋገራል ማለት ነው። የአሜሪካው ቦርድም በኢንተርኔት የሚደረገው ንግግር በምደባው እንደማይካተት ራሱ በግልጽ ያስታውቃል። ከዚህም በላይ ለጀግኖቹ ማጌጫ የሚሆን ልብስ በእውነተኛ ገንዘብ ይሸጣል። በነጻ የተከፈተ በር ወደ አባት ኪስ የሚያደርስ መንገድ ሊኖረው ይችላል። በየመሣሪያው ላይ ንግግሩን የሚዘጋ፣ ግዢውን የሚከለክልና ሰዓቱን የሚወስን የወላጅ መቆለፊያ ስላለ መሣሪያው ከካርቶኑ በወጣበት ቀን ይህን ማስተካከል ይገባል።

አራተኛው፤ ጨዋታው መቼ ያልቃል? የሚለው ነው። ታሪክ ያለው ጨዋታ በምዕራፍ የተከፈለ ስለሆነ «ይህ ምዕራፍ ሲያልቅ ይበቃል» ለማለት ይመቻል። የኢንተርኔቱ ግጥሚያ ግን አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይጀምራል፤ በመካከል ጥሎ መውጣትም ጓደኞችን መክዳት ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ ከልክ ያለፈ የጨዋታ ልማድን እንደ ሕመም አስገብቶታል። ይህም የሚባለው ሰዓት በመብዛቱ ብቻ ሳይሆን፣ ሰውየው ራሱን መግታት ተስኖት ትምህርቱን፣ ሥራውንና ቤተ ሰቡን ሲጥል ነው። ለልጅ ከመቆጣት ይልቅ ማብቂያውን አስቀድሞ መንገር የሚሻለውም ለዚህ ነው።

ምናልባት ከአድማጮቼ አንዱ «እኔ ቤት መሣሪያው የለም፤ ስለዚህ አይመለከተኝም» ይል ይሆናል። እንዲህ የምትሉ ሁሉ ከትምህርት ቤት በኋላ በሰፈራችሁ ያለውን ጌም ቤት አንድ ጊዜ ጎራ ብላችሁ እንድታዩ እለምናችኋለሁ። በሰዓት እየተከፈለ በሚጫወቱበት ቤት የሽፋኑን ግርጌ የሚያነብ የለም፤ የ8 ዓመቱና የ18 ዓመቱ በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አንዱን መስኮት ያያሉ። ሌላውም «ከቢሮ ደክሜ እገባለሁ፤ ጊዜ የለኝም» ይላል። እኔም እንዲሁ እል ነበር። የሚያስፈልገው ግን በሳምንት ግማሽ ሰዓት ነው። ዓይን ያያል፤ ልብ ይፈርዳል፤ ዓይን ያላየውን ግን ልብ በምን ይፈርዳል?

አሁን ወደ ልጄ ጥያቄ ልመለስ። በማግስቱ ማታ ከልጄ ከሴቷ ጎን ተቀምጬ ያን ክፍል እንድታሳየኝ ጠየቅኋት። ነገሩ እንዲህ ነው፤ የተገኘው መድኃኒት ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ነው። ለአክስቱ ቢሰጣት እርሷ ትድናለች፤ ለከተማው ሕዝብ የሚበዛው መድኃኒት ግን ከዚያው ናሙና መሠራት ስላለበት ብዙ ሰው ይሞታል። ጭምብሉን አውልቆ በአልጋዋ አጠገብ አለቀሰ፤ መድኃኒቱንም ለሕዝቡ ተወው። አክስቱም ማን እንደሆነ ቀድሞውንም ታውቅ ነበርና እየኮራችበት ሞተች።

ይህን በለዘበ ቃል ለትንሹ ልጄ አስረዳሁት። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ «አንተስ ብትሆን እኔን ትተወኝ ነበር?» አለኝ። አድማጮቼ፤ በመሥሪያ ቤቴ ለብዙ ደብዳቤ መልስ አርቅቄአለሁ፤ በዚህ ማይክሮፎን ፊትም ለብዙ ጥያቄ መልስ ሰጥቻለሁ። ለዚያ ጥያቄ ግን መልስ አልነበረኝም። አቅፌው እንቅልፍ እስኪወስደው ድረስ ቆየሁ። የ8 ዓመት ልጅ ያን ጥያቄ በሌሊት ብቻውን ሊሸከመው አይገባም ነበር፤ ያሸከምሁትም እኔ ነኝ።

እኅቱ ግን ከዚያው ታሪክ ተነሥታ፣ የሕዝብ አደራ የተቀበለ ሰው ለዘመዱ ማድላት ይገባዋልን? እያለች ከእኔ ጋር እስከ ሦስት ሰዓት ስትከራከር አመሸች። ለመንግሥት ሠራተኛ ልጅ ከዚህ የበለጠ ምን ቁም ነገር ይገኛል? አንዱ ጨዋታ በአንዱ ቤት፣ በአንዱ ምሽት፣ አንዷን ልጅ አበሰለ፤ ሌላውን ልጅ አቈሰለ። የተለወጠው ጨዋታው ሳይሆን ተመልካቹ ነው። በሽፋኑ ላይ የተጻፈው ዕድሜም ጆይስቲኩን ለጨበጠው ብቻ ሳይሆን በክፍሉ ውስጥ ላለው ሁሉ መሆኑን የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ በቤታችን እንዲህ ወሰንን። ስፓይደርማን ዓርብና ቅዳሜ ማታ፣ ትንሹ ከተኛ በኋላ፣ የእኅቱ ነው፤ እኔም ስችል አብሬያት እቀመጣለሁ። ማርቬል ራይቫልስ የማያውቁት ሰው በድምፅ የሚገባበት በመሆኑ ለሁለቱም ገና ነው። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ግን ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሆኖ የሚጫወተው የሌጎው ጨዋታ የትንሹና የእኔ ነው። ጣቴ ስለማይታዘዘኝ ጀግናዬ በየደቂቃው ይፈራርሳል፤ ልጄም «አባዬ፤ እንደርሱ ሳይሆን እንዲህ ነው» እያለ ያሠለጥነኛል። «ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች» የሚለውን ተረት ለተግሣጽ ሳይሆን ለደስታ ያዋልሁት በዚህ ጊዜ ነው።

ክቡራን አድማጮች፤ ልዕለ ጀግና ያለበት ጨዋታ ለልጅ ይስማማል ወይስ አይስማማም? ተብዬ ብጠየቅ መልሴ ይህ ነው፤ የትኛው ጨዋታ፣ ለየትኛው ልጅ፣ ማን አጠገቡ ተቀምጦ? ሦስቱን ያልመለሰ ወላጅ ቢፈቅድም ቢከለክልም በግምት ፈርዷል። ጭምብል ያጠለቀው ጀግና ከተማውን ይጠብቅ፤ የልጆቻችንን እንቅልፍ የመጠበቅ ግዴታ ግን የእኛ ነው።

በሌላ ንግግር እስክንገናኝ ድረስ ደኅና አምሹ።